ቡላው ለምን ውሃ አቆረ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ ዕትም የመረጥናቸው ደብዳቤዎች በሙሉ ከሐዋሳ የመጡ ናቸው፤ የጻፏቸውም በቤታቸው ወይም በአነስተኛ ማምረቻ ክሬም፣ ሎሽንና ፓውደር የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። ጉዳያቸው ስታርች ነው። ደብዳቤዎቹን ጎን ለጎን አድርገን ስናያቸው አብዛኛው ብልሽት የሚመጣው ስታርቹ ለማይችለው ሥራ በመመደቡ ነው። ስታርች በመዋቢያ ውስጥ ሊሠራ የሚችላቸው ሥራዎች ሦስት ናቸው፤ ውሃን ማወፈር፣ ዘይትና ውሃ ተዋሕደው እንዲቆዩ ማገዝ፣ በደረቁ ደግሞ ወዝን መጥጦ ቆዳን ማለስለስ። አንዱን አሳምሮ የሚሠራ ስታርች ሌላው ላይ ዋጋ ላይኖረው ይችላል።

ጥያቄ፦ የሰውነት ክሬሜን የማወፍረው ከገበያ የምገዛውን ቡላ በውሃ አብስዬ በመጨመር ነው። የመጀመሪያ ቀን በጣም ያምራል። በሳምንቱ ግን ላዩ ላይ ውሃ ያቆራል፣ ከሥር ፍርፍር ይላል። ፍሪጅ ባስገባው ባሰበት። አንዳንዱ ዕቃ ደግሞ ኮምጥጦ፣ እንደ ውሃ ቀጥኖ አገኘዋለሁ። ምን ላድርግ? (ከታቦር ክፍለ ከተማ)

መልስ፦ ደብዳቤዎ ውስጥ ሁለት ብልሽቶች አሉ። ውሃ ማቆሩ አንድ ነው፤ መቅጠኑና መኮምጠጡ ሌላ። መድኃኒታቸውም አይገናኝም።

ስታርች የሁለት ነገሮች ቅልቅል ነው፤ ቀጥ ብሎ የሚዘረጋው አሚሎስና ቅርንጫፈ ብዙው አሚሎፔክቲን። ቡላ፣ ማለትም የእንሰት ስታርች፣ ከ62 እስከ 72 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲደርስ ቅንጣቶቹ ውሃ እየጠጡ ያብጣሉ፣ አሚሎሱም እየሾለከ ወደ ውሃው ይወጣል። ሲቀዘቅዝ እነዚያ ቀጥ ያሉ ሰንሰለቶች እርስ በርስ ይጠጋጉና ይያያዛሉ፤ ሲያያዙ አቅፈውት የነበረውን ውሃ ይለቃሉ። ያደረ ገንፎ ዳር ዳሩን ውሃ የሚያቁረው በዚሁ ነው። የእንሰት ስታርች ከመቶ 29 የሚጠጋ አሚሎስ ስላለው ይህ ጠባይ ይበረታበታል። መያያዙ በጣም የሚፋጠነው ደግሞ በፍሪጅ ሙቀት፣ 4 ዲግሪ አካባቢ ነው። ፍሪጁ ያባሰብዎት ለዚህ ነው። ቡላ መጨመርም ሆነ ረጅም ሰዓት ማብሰል አይፈታውም። የበሰለውን በብሌንደር መምታትማ ከሁሉ የከፋ ነው፤ ያበጡት ቅንጣቶች ይቀደዱና ክሬሙ ዝልግልግ ይሆናል፣ ጣት ሲነካውም እንደ ክር ይሳባል።

እዚህ ቦታ የሚያስፈልግዎት ሃይድሮክሲፕሮፒል ስታርች ፎስፌት የሚባለው የተሻሻለ ስታርች ነው። ፋብሪካው በሰንሰለቶቹ ላይ ሃይድሮክሲፕሮፒል የሚባል ትንሽ ጭማሪ ስለሚሰካ ሰንሰለቶቹ ሲቀዘቅዙ መጠጋጋት ያቅታቸዋል። ፎስፌቱ ሰንሰለቶቹን አልፎ አልፎ ያጣብቃቸዋል፤ በዚህ የተነሳ ቅንጣቱ አብጦም በቀላሉ አይቀደድም። ለመዋቢያ የሚሸጠው ቀድሞ በስሎ የደረቀ ስለሆነ በቀዝቃዛ ውሃም ይወፍራል። ከጠቅላላው ክብደት ከመቶ 1 እስከ 5 ይገባል፤ በፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) ከ3 እስከ 9 ባለው ክልል ይሠራል።

ለ100 ግራም ክሬም መነሻ የሚሆን ልክ ይኸውና፦

የተጣራ ውሃ 72 ግራም
ግሊሰሪን 4 ግራም
ሃይድሮክሲፕሮፒል ስታርች ፎስፌት 3 ግራም
የአቮካዶ ዘይት 14 ግራም
ኢመልሲፋይንግ ዋክስ (ዘይትና ውሃን የሚያዋሕድ ሰም) 5 ግራም
ፊኖክሲኢታኖልና ኢቲልሄክሲልግሊሰሪን ያለው ማቆያ (ክሬሙ እንዳይበላሽ የሚከላከል) 1 ግራም
ቫይታሚን ኢ 0.5 ግራም
ሽቶ 0.5 ግራም

ስታርቹን መጀመሪያ በግሊሰሪኑ ውስጥ ያሹት። ግሊሰሪን ውስጥ አያብጥም፣ ቅንጣቶቹ ግን ይለያያሉ። ከዚያ ውሃውን እያማሰሉ ቅልቅሉን በቀጭኑ ያፍስሱበት። በቀጥታ ውሃ ላይ ቢበትኑት ውጪው ወዲያው ያብጥና ውስጡን ደረቅ አድርጎ ይዘጋዋል፤ ያን ጉጉል ከዚያ በኋላ ምንም ማማሰል አይፈታውም። ለ30 ደቂቃ ይተዉት። በሌላ ዕቃ ዘይቱንና ዋክሱን በፈላ ውሃ ላይ አስቀምጠው እስከ 75 ዲግሪ ያሙቁ፤ የውሃውንም ክፍል እዚያው ሙቀት ያድርሱት። ሁለቱ ከተቀራረቡ በኋላ ዘይቱን ወደ ውሃው እየጨመሩ ለ2 ወይም 3 ደቂቃ በአጭር በአጭሩ ይምቱት። አንዱ ሞቆ ሌላው ከቀዘቀዘ ዋክሱ ሳይዋሐድ ይረጋና አሸዋ አሸዋ ይላል፤ ይህን ብዙዎች በስታርቹ ያመካኛሉ። ከ40 ዲግሪ በታች ሲወርድ ማቆያውን፣ ቫይታሚን ኢውንና ሽቶውን ይጨምሩ። በመጨረሻ ፒኤቹን በወረቀት ይለኩ፤ ከ5 እስከ 5.5 ጥሩ ነው።

ውፍረቱን የሚፈርዱት በማግስቱ ነው። ከቀጠነብዎት ስታርቹን በ0.5 ግራም ብቻ ከፍ አድርገው ውሃውን በዚያው ልክ ይቀንሱ። በዚህ ክሬም ውስጥ ግን ከመቶ 4 ሲያልፍ ክሬሙ ቆዳ ላይ እያሹት ይንከባለላል፣ ደርቆም ይጨመድዳል።

ወደ መኮምጠጡ እንምጣ። ቡላ የሚመጣው ከተፋቀና ከተጨመቀ እንሰት ነው፤ እርጥቡን ይከማቻል፣ ከአፈርና ከቅጠል ጋርም ይገናኛል። ስለዚህ የባሲለስ ዘር ባክቴሪያና ሻጋታ ይዞ ቢመጣ አይገርምም። የባሲለስ ስፖር (ባክቴሪያው ክፉ ጊዜን የሚያልፍበት ጠንካራ ቅርጽ) በመፍላት አይሞትም፤ ሐዋሳ ከባሕር ወለል ወደ 1,700 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ ራሱ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ነው። እነዚህ ተሕዋስያን አሚሌስ የሚባል ኢንዛይም ያመነጫሉ፤ ኢንዛይሙ ስታርቹን እየቆራረጠ ክሬሙን ያቀጥነዋል። ክፋቱ ባክቴሪያው በማቆያ ከሞተ በኋላም ኢንዛይሙ መሥራቱን ሊቀጥል መቻሉ ነው። የቀጠነን ክሬም እንደገና አፍልቶ ማቆያ መጨመር የማይረዳው ለዚህ ነው። ይጣል። ማቆያው ከመጀመሪያው ቀን ይግባ፣ ውሃው የተጣራ ይሁን፣ ዕቃው በሙቅ ውሃ ታጥቦ ሙሉ በሙሉ ይድረቅ። ለመኪና ባትሪ የሚሸጠውን ውሃ አይጠቀሙ፤ ለቆዳ ተብሎ አልተዘጋጀም፣ ከባትሪ አሲድ ጋርም ሊቀያየር ይችላል።

ጥያቄ፦ ለልጆችና ለብብት የሚሆን ፓውደር ያለ ታልክ (ከማዕድን የሚፈጭ ለስላሳ ዱቄት) መሥራት እፈልጋለሁ። በቡላ ሞከርኩ፣ ቆዳ ላይ ይሻክራል። በበቆሎ ስታርች ሲሆን ለስላሳ ነው፤ ሲያልበኝ ግን ይለጠፍና ይጓጉላል። (ከመናኸሪያ ክፍለ ከተማ)

መልስ፦ መሻከሩ የቅንጣት መጠን ጉዳይ ነው። የሩዝ ስታርች ቅንጣት ከ2 እስከ 8 ማይክሮሜትር፣ የበቆሎ ከ5 እስከ 25 ማይክሮሜትር ነው፤ የድንች 100 ሊደርስ ይችላል። የእንሰት ቅንጣት ከበቆሎው በእጅጉ ይተልቃል። በወንፊት መንፋት ጉጉሉን እንጂ ቅንጣቱን አያሳንስም፤ መፍጨትም ቅንጣቱን ይሰብረዋል እንጂ አያለዝበውም። ለፓውደር ቡላን ይተዉት። ለገንፎ ይቆይ።

መጓጎሉ የሚመጣው ተራ ስታርች ውሃ ወዳድ በመሆኑ ነው። በዓለም ላይ ለዚህ ሥራ የሚመረጠው አሉሚኒየም ስታርች ኦክቴኒልሰክሲኔት ነው። በላዩ ላይ ዘይት ወዳድ ጭራ ስለተሰካለት ውሃ ላይ ይንሳፈፋል፣ የቆዳን ወዝ ግን ይመጥጣል፣ ከጣት ሥር እንደ ሐር ይንሸራተታል። ዋጋው ከተራው ስለሚበልጥ ብቻውን መጠቀም አያስፈልግም። በ100 ግራም ውስጥ 75 ግራም ለምግብ የሚሆን ንጹሕ የበቆሎ ስታርች፣ 20 ግራም አሉሚኒየም ስታርች ኦክቴኒልሰክሲኔትና 5 ግራም ማግኒዚየም ስቴሬት ያድርጉ። ማግኒዚየም ስቴሬቱ ቆዳ ላይ እንዲይዝ ያደርገዋል። ከ5 ወደ 10 ከፍ ካለ ግን ቅባት ቅባት ይላል።

የበቆሎው ስታርች ከፓኬት ሲወጣ ከመቶ ከ10 እስከ 14 እርጥበት አለው። በሰፊ ትሪ ላይ በስሱ ዘርግተው በ50 ዲግሪ ምድጃ፣ በሩ ገርበብ ብሎ፣ ለ2 ወይም 3 ሰዓት ያድርቁት። በረድ እንዳለ፣ ሌላ እርጥበት ሳይስብ፣ ቀላቅለው በጥሩ ወንፊት ሁለት ጊዜ ይንፉና ወዲያው ይክደኑት። በክረምት ሐይቁ ዳር ያለ ቤት ውስጥ ክፍቱን ያደረ ፓውደር በማግስቱ ጉጉል ቢሆን አይደነቁ። ሲነፉ አፍንጫና አፍዎን ይሸፍኑ። ከሰል፣ ሻማ ወይም ቡታጋዝ በሚነድበት ክፍል ውስጥ ፈጽሞ አይንፉ፤ አየር ላይ የተበተነ የስታርች ብናኝ በእሳት ይያያዛል፣ ክፍሉ ጠባብ ከሆነም ሊፈነዳ ይችላል።

ታልክን በመተው ሐሳብዎ ብቻዎን አይደሉም። ጆንሰን ኤንድ ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ2020 በአሜሪካና በካናዳ፣ በ2023 ደግሞ በመላው ዓለም የታልክ ሕፃናት ፓውደሩን ትቶ ወደ በቆሎ ስታርች ዞሯል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2024 ታልክን "ካንሰር የማምጣት ዕድሉ የሚያመዝን" በሚለው ምድብ አስገብቶታል። ስታርችም ቢሆን ወደ ሳንባ እንዲገባ አይፈለግም። ለሕፃን ሲሆን ከፊቱ ርቀው እጅዎ ላይ ያፍስሱና በእጅዎ ይቀቡት፤ ቆዳው ከተላጠ ወይም ከቆሰለ አይደረግም። ስታርች የሻጋታ ምግብ ነው፣ የሕፃናትን የዳይፐር ሽፍታ ያባብሳል የሚል ወሬ ብዙ ጊዜ ይሰማል፤ በ1984 በሰው ቆዳ ላይ የታተመ ጥናት የበቆሎ ስታርች ካንዲዳ የሚባለውን የቆዳ ፈንገስ እንደማያበዛ አሳይቷል።

ጥያቄ፦ የወዝ መቀነሻ የፊት ክሬሜ በጥቁር ቆዳ ላይ አመድ ያስመስላል። ስታርቹ ነው? (ከሐይቅ ዳር ክፍለ ከተማ)

መልስ፦ መጀመሪያ ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ወይም ዚንክ ኦክሳይድ መኖሩን ይመልከቱ፤ ካለ ጥፋተኛው እሱ ነው። የስታርች የብርሃን ስብራት መለኪያ (ብርሃን ሲያልፍበት ምን ያህል እንደሚታጠፍ የሚነግረው ቁጥር) 1.53 አካባቢ ነው፣ የዘይት 1.46 ገደማ፤ ስለሚቀራረቡ ዘይት የነካው ስታርች ከሞላ ጎደል ይጠፋል። የቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ከ2.5 በላይ ስለሆነ የትም አይጠፋም። ሁለቱም ከሌሉ ስታርቹ በዝቷል ማለት ነው። ክሬም ውስጥ አሉሚኒየም ስታርች ኦክቴኒልሰክሲኔት ከመቶ 2 እስከ 4 ይበቃል። ክሬሙ ተዋሕዶ ከ40 ዲግሪ በታች ሲሆን ይጨምሩት፤ በሙቁ ውሃ ውስጥ ከገባ ቅንጣቱ ይበስላል፣ ሐርነቱም አብሮ ይሄዳል።

ጥያቄ፦ አንድ ነጋዴ "ሞዲፋይድ ስታርች" ብሎ ነጭ ዱቄት በኪሎ ሸጠልኝ። ስሙም ቁጥሩም የለበትም። ምን እንደገዛሁ በምን ላውቅ? (ከመሀል ከተማ)

መልስ፦ "ሞዲፋይድ ስታርች" የሚለው ስም ብቻውን ምንም አይነግርም። ቢሆንም በቤት ውስጥ ብዙ ማወቅ ይቻላል።

በብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ሳያማስሉ ይበትኑ። ብዙ ደቂቃ ሳይርስ ከተንሳፈፈ ዘይት ወዳዱ፣ ማለትም አሉሚኒየም ስታርች ኦክቴኒልሰክሲኔት ሊሆን ይችላል። እንደነካው ካበጠና ከጓጎለ ቀድሞ የበሰለ አወፋሪ ነው። ዝም ብሎ ከሰጠመና ውሃውን ወተት ካስመሰለው ወይ ተራ ስታርች ነው፣ ወይ ሰንሰለቶቹ በፎስፌት እርስ በርስ የታሰሩት ዲስታርች ፎስፌት። ሁለቱን ለመለየት 5 ግራሙን በ95 ግራም ውሃ እያማሰሉ ያፍሉት፤ ተራው ይወፍራል፣ በጣም የታሰረው ግን ፈልቶም ቀጭን ይቀራል። ውሃ ውስጥ ሟሙቶ የማይወፍር ከሆነ ሶዲየም ስታርች ኦክቴኒልሰክሲኔት መሆኑን ይጠርጥሩ። ይህ ዘይትና ውሃ አዋሃጅ ነው፤ 45 ሚሊ ሊትር ሙሙቱን ከ5 ሚሊ ሊትር ዘይት ጋር በጠርሙስ አጥብቀው ይናጡት፣ ከሰዓታት በኋላም ወተት መስሎ ከቆየ ግምትዎ ትክክል ነው።

ጭራሽ ስታርች መሆኑንም ማረጋገጥ አይከፋም። ከፋርማሲ የሚገዛውን ቲንክቸር አዮዲን አንድ ጠብታ በአሥር ጠብታ ውሃ አቅጥነው ያንጠባጥቡበት። ጥቁር ሰማያዊ ካመጣ አሚሎስ ያለው ስታርች ነው። ወደ ቀይ ቡናማ ካደላ አሚሎስ አልባ ከሆነው የበቆሎ ዓይነት የተገኘ ነው። ቀለሙ ካልተለወጠ ታልክ፣ ካኦሊን ወይም ጂፕሰም ሸጠውልዎት ይሆናል። ታዲያ እነዚህ ሁሉ ዓይነቱን እንጂ ንጽሕናውን አይነግሩም። ከባድ ብረትም ሆነ ባክቴሪያ በብርጭቆ ውሃ አይታይም። የጥራት ምስክር ወረቀትና የምርት ቁጥር የሌለውን ዱቄት ቆዳ ላይ ለሚውል ነገር አይግዙ፤ ለሽያጭ የሚያመርቱ ከሆነ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የሚጠይቀውን ማሟላትም ከዚህ ይጀምራል።

ጥያቄ፦ የተሻሻለ ስታርች ከውጭ ነው የሚመጣው። ሲዳማ ውስጥ እንሰት ሞልቶ ለምን ቡላን ራሳችን አናሻሽለውም? የኬሚስትሪ ተማሪ ነኝ፤ ላቦራቶሪ የሚያግዘኝ ጓደኛ አለኝ። (ከአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ)

መልስ፦ ሐሳብህ ተገቢ ነው። የእንሰት ስታርች ለመድኃኒት ክኒን ማጣበቂያነትና ማፍረሻነት ከተጠና አሠርት ዓመታት አልፈዋል። ኬሚካላዊውን መንገድ ግን በቤትም ሆነ በጓደኛ ላቦራቶሪ እንዳትሞክረው። ሃይድሮክሲፕሮፒል የሚሰካው በፕሮፒሊን ኦክሳይድ ነው፤ በ34 ዲግሪ የሚፈላ፣ በእሳት ፈጥኖ የሚያያዝ፣ ካንሰር አምጪነት የሚጠረጠርበት ፈሳሽ። ማሰሪያው ብዙ ጊዜ ፎስፈረስ ኦክሲክሎራይድ ነው፤ ውሃ ሲነካው በኃይል ይፈላና የሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጋዝ ያወጣል። በግድየለሽነት የታጠበ ምርት ቅሪቱን ይዞ ቆዳ ላይ ይደርሳል።

አካላዊው መንገድ ግን ክፍት ነው። ቡላውን በንጹሕ ውሃ በጥብጠህ በጥሩ ሻሽ አጥልለው፣ እስኪረጋ ጠብቀህ ላዩን አፍስስ። ውሃው ጥርት እስኪል ሦስት አራት ጊዜ ደግመው። አሰሩና ሽታው የሚወጡት በዚህ ነው፤ ማጠቡን የሚያሳጥር ሰው በኋላ ግራጫ፣ የሚሸት ዱቄት ያገኛል። ከዚያ 8 ግራሙን ደረቅ ስታርች በ92 ግራም ውሃ እያማሰልክ እስከ 80 ዲግሪ አድርሰህ ለ10 ደቂቃ አቆየው። ትኩሱን በትሪ ላይ እንደ ወረቀት በስሱ ቀባውና በ60 ዲግሪ ወዲያው አድርቀው። ቀስ ብሎ ሲደርቅ አሚሎሱ እየተያያዘ ስለሚረጋ ኋላ በቀዝቃዛ ውሃ አያብጥም። ከትሪው ሲሰነጣጠቅ ፍቀህ ፍጨው፣ ንፋው። ፋብሪካዎች ይህንኑ በጋለ ከበሮ ላይ በሰከንዶች ውስጥ ያደርጉታል።

የምታገኘው በቀዝቃዛ ውሃ የሚወፍር ስታርች ነው። ውሃ የማቆር ጠባዩ ግን አብሮት አለ፤ ሙቀት ሰንሰለቱን አልለወጠውምና። ስለዚህ ለሳምንታት መደርደሪያ ላይ ለሚቆይ ሎሽን አይሆንም። በደረቁ ታሽጎ ተጠቃሚው በራሱ ውሃ በጥብጦ በዚያው ሰዓት ለሚቀባው የፊት ማስክ ግን በጣም ይመቻል፤ ካኦሊን ወይም ሌላ ሸክላ ባለበት ደረቅ ማስክ ውስጥ ከመቶ 10 ያህሉ ይበቃል።

ጥያቄ፦ የእሬት ጄል በካርቦመር እሠራለሁ። እሬቱ ሲገባ ጄሉ ይሟሟል። ስታርች ይሻላል? (ከሀዌላ ቱላ)

መልስ፦ ይሻላል። ካርቦመር፣ ሰው ሠራሹ ጄል አወፋሪ፣ የሚወፍረው ሰንሰለቶቹ በኤሌክትሪክ ጫና ስለሚገፋፉ ነው፤ የእሬት ጭማቂ ውስጥ ያሉት ጨዎች ያንን ጫና ይሽሩታል። ሃይድሮክሲፕሮፒል ስታርች ፎስፌት ጨውን ይቋቋማል። ከመቶ 4 አድርጉት፤ ከመቶ 0.3 ዛንታን (ሌላ አወፋሪ ሙጫ) ጋር ቢቀላቀል ደግሞ ውሃ የመያዝ አቅሙ ይጨምራል፣ ከዚያ በላይ ዛንታን ግን ያዝለገልገዋል። ጄሉ እንደ ካርቦመሩ ብርጭቆ አይመስልም፣ ደመናማ ነው፤ ለደንበኞቻችሁ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ማቆያው ሶዲየም ቤንዞኤት ከሆነ ከመቶ 0.5 አድርጋችሁ ፒኤቹን በሲትሪክ አሲድ ከ5 በታች አውርዱት፤ ከዚያ ከፍ ካለ ቤንዞኤቱ ሻጋታን አይከላከልም።